ኪ ዌስትን በጄት ስኪ መዞር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው

ጁላይ 4 ሲቃረብ፣ ደግሞም በገና ሰሞን፣ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከአትላንታ ወደ ፍሎሪዳ የሚወርድ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዋና አልችልም፤ ጄት ስኪ መንዳት እችላለሁ?» መልሱ «አዎ፣ ግን» የሚል ነው። ያቺ «ግን» ደግሞ በስልክ ተነግራ አታልቅም። ስለዚህ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምልከው ይህን ጽሑፍ ነው።

የማስረዳው በፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ ያለውን የኪ ዌስት ደሴት በጄት ስኪ፣ ማለትም እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠው በሚነዱት የውኃ ላይ ማሽን፣ ከአስጎብኚ ጋር ዙሪያውን ስለ መዞር ነው። ደሴቱ ርዝመቱ 4 ማይል፣ ወርዱ 1 ማይል ገደማ ነው። በጄት ስኪ ግን ከነመተላለፊያዎቹና ከነአጎራባች ደሴቶቹ ሲዞሩት 27 ማይል ወይም 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከነማረፊያው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በሰሜን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በደቡብ አትላንቲክ ስለሆነ በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት ውኃ ይገጥምዎታል። አንዱ ጎን በሳፋ እንደተቀመጠ ውኃ ረግቶ ሌላው ሲናጥ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከሁሉም በፊት፦ ጣትዎ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ። ጄት ስኪ እንደ ጀልባ ከኋላው የሚዞር ሰሌዳ፣ እንደ መኪና መሬት የሚቆነጥጥ ጎማ የለውም። ከሆዱ ሥር ውኃ ይስባል፤ ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ያንን ውኃ ገፍቶ ከኋላ ባለ አፈሙዝ በኃይል ይተፋዋል። መሪውን ሲያዞሩ የሚዞረው ይህ አፈሙዝ ነው። የሚተፋ ውኃ ከሌለ መሪው ባዶ ብረት ነው ማለት ነው። በቀኝ እጀታ ላይ ያለችውን ነዳጅ መስጫ ለቀው መሪውን ቢጠመዝዙ፣ ማሽኑ ቀድሞ ወደነበረበት አቅጣጫ መንሸራተቱን ይቀጥላል።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የወጣ ዕለት እኔ ከኋላው ተቀምጬ ነበር። በመኪና ጎበዝ ሹፌር ነው። ከፊታችን ባሕሩ ውስጥ የተተከለ የመተላለፊያ ምልክት እንጨት ነበር፤ ጫፉ ላይ ፔሊካን ተቀምጦበታል። ልጁ እንጨቱን ዘግይቶ አየና ደነገጠ። እግሩ ፍሬን ሲፈልግ ጫማው ከወለሉ ጋር ሲፋተግ ይሰማኛል። ፍሬን ሲያጣ ጣቱን ከነዳጁ ላይ አነሳና መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ማሽኑ ግን ወደ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ተንሸራተተ። «ነዳጅ ስጥ!» ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ። ሰጠ፤ ማሽኑ ወዲያው ታጠፈ፤ እንጨቱን በአንድ ክንድ ያህል አለፍነው። ፔሊካኑ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ፍርሃት ጣትን ያስለቅቃል፤ ጣት ሲለቅ መሪ ይጠፋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ በዚያች ቅጽበት ጣትዎ እንዳይለቅ የሚያዘጋጁ ናቸው።

ማን መንዳት ይችላል?

በፍሎሪዳ ሕግ ጄት ስኪ ለመንዳት ቢያንስ 14 ዓመት፣ ለመከራየት ደግሞ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ድርጅቶች ከዚህ ከፍ ያለ ዕድሜ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ የተወለደ ሰው፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 22 ቀን 1980 ዓ.ም. ወዲህ ማለት ነው፣ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መውሰዱን የሚያሳይ መታወቂያ ወይም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የሚታየው በመታወቂያዎ ላይ የተጻፈው ቀን ነው፤ እናትዎ የሚያውቁት ሌላ ቢሆንም በመታወቂያው ይዳኛሉ። ሜሪላንድ ወይም ሌላ ግዛት ውስጥ ብሔራዊ ዕውቅና ያለው የጀልባ ትምህርት ወስደው ካርድ ካለዎት እዚህም ይሠራል። ከኋላ ተሳፍሮ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ አይጠየቅም።

ዋና መቻልን በተመለከተ ሕጉ ግዴታ አያደርገውም። ሕይወት አድን ጃኬቱ ያንሳፍፍዎታል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ዋና የማይችል ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የሚጎዳው መስጠም ሳይሆን ድንጋጤው ነው፤ ይንፈራገጣል፣ ጨዋማ ውኃ ይውጣል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጨመድዳል። ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከኋላ ይሳፈሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጥልቀት በሌለው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጃኬት ለብሰው በጀርባዎ ተንሳፍፈው ይለማመዱ። ፊትዎ ውኃ ሲነካው መተንፈስ የሚያቅትዎ ከሆነ ግን ለዚህ ዓመት ይተዉት።

ነፍሰ ጡር ሴት፣ የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አይውጣ። ማሽኑ ማዕበል ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ምት በቀጥታ ወደ አከርካሪ ነው የሚሄደው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፎቶ ያለው መታወቂያና የጀልባ ምስክር ወረቀት። የምስክር ወረቀቱን ፎቶም አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።
- ከጉልበት በላይ የሚደርስ፣ ወፈር ያለ የዋና ሱሪ፤ ከተገኘ ጠላቂዎች የሚለብሱት የላስቲክ ሱሪ። ምክንያቱን ከማስጠንቀቂያው ክፍል ያንብቡ፤ በተለይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አይዝለለው።
- እጅጌው ረጅም፣ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ። ውኃው ፀሐይን እንደ መስታወት ይመልሳል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝዎት መቃጠልዎን የሚያውቁት ማታ ነው።
- የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከመውጣትዎ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚቀባ። ግንባርዎ ላይ ብዙ አይቀቡ፤ ከጨው ውኃ ጋር ወርዶ ዓይን ያቃጥላል። መዳፍዎን ይታጠቡ፤ ቅባት ያለበት እጅ መሪ ላይ ይንሸራተታል።
- ማሰሪያ ያለው የፀሐይ መነጽር። ማሰሪያ ከሌለው ባሕሩ ይወስደዋል።
- የውኃ ጫማ። በጉዞው መሐል ለዕረፍት የሚቆሙበት አሸዋ ደለል (ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ቦታ) ላይ ሲወርዱ ስለታም ዛጎል አለ። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ማዕበል ይወስደዋል።
- የፀጉር ማሰሪያ። ሹሩባም ሆነ የተለቀቀ ፀጉር ተጠቅልሎ ከጃኬቱ ውስጥ ይግባ። ማሽኑ ከሥሩ የሚስበው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ፀጉር፣ ሻሽና የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ይስባል። ማተብ ያሠረ ሰውም ከልብሱ ሥር አስገብቶ ጃኬቱን በላዩ ይዝጋው።
- ለስልክ ውኃ የማያስገባና የሚንሳፈፍ ከረጢት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ውኃ የማያስገባ ብቻ ከሆነ ስልክዎ ሳይረጥብ ይሰጥማል።

የመኪና ቁልፍ፣ የጣት ወርቅና የኪስ ቦርሳ አይያዙ። የዛሬ መኪና ቁልፍ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ የጨው ውኃ አንዴ ከገባው አለቀለት። ቢሮው ቁልፍ የሚያስቀምጥበት ሣጥን እንዳለው ይጠይቁ።

ደረጃ በደረጃ

1. ቀንና ሰዓቱን በነፋስ ይምረጡ። የዕለቱን የመጀመሪያ ጉዞ ይያዙ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ነፋሱ ይነሣል፣ ጀልባውም ይበዛል፤ በበጋ ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የኪ ዌስት ጽሕፈት ቤት በየቀኑ የባሕር ትንበያ ያወጣል፤ ነፋሱ ከ10 ኖት (በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያህል) በታች ከሆነ ጀማሪ ይደሰታል፣ ከ15 ኖት (28 ኪሎ ሜትር ያህል) ካለፈ ጥርስዎን ነክሰው ነው የሚመለሱት። የአውሎ ነፋስ ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በእነዚህ ወራት ሲያስይዙ የስረዛውን ደንብ ቀድመው ይወቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከማያሚ ኪ ዌስት 160 ማይል ገደማ ነው፤ ኪስ ከሚባሉት ደሴቶች ከተገባ በኋላ ደግሞ መንገዱ አንድ ብቻ ነው። አንድ አደጋ ከደረሰ ሁሉም ይቆማል። ከማያሚ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለሚጀምረው ጉዞ እደርሳለሁ ብለው አያስይዙ። ማታውን እዚያው ይደሩ።

2. ሲያስይዙ እነዚህን ይጠይቁ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በማሽን? ነዳጅና ግብር ተጨምሮበታል? ለጉዳት የሚያዘው ማስያዣ ስንት ነው? አንድ አስጎብኚ ስንት ማሽን ይመራል? ማሽኑ ፍሬን አለው? ሁለት ሰው ለሚጫንበት የክብደት ጣሪያው ስንት ነው?

ስለ ክብደቱ አይፈሩ፣ አይዋሹ። ከልክ በላይ የተጫነ ማሽን ወደ ኋላ ይሰጥማል፣ ሲታጠፍ ይገለበጣል። እርስዎና ጓደኛዎ ሁለታችሁም ደልደል ያላችሁ ከሆናችሁ ለየብቻ መንዳት ገንዘብ ማባከን አይደለም። ስለ ፍሬን የጠየቅነው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአዳዲሶቹ የያማሃና የሲ-ዱ ማሽኖች ላይ በግራ እጀታ በኩል ፍጥነት የሚቀንስ መያዣ አለ፣ በብዙ የኪራይ ማሽኖች ላይ ግን የለም።

3. ምስክር ወረቀቱን ቤትዎ ሆነው ይጨርሱ። ጊዜያዊው ፈተና 25 ጥያቄ አለው፤ በኢንተርኔት ይወሰዳል፤ ካለፉ በኋላ ለ90 ቀን ያገለግላል። ሰዎች የሚሳሳቱት ወደቡ ላይ ቆመው፣ ፀሐዩ ስክሪኑን አጥፍቶባቸው፣ ቡድኑ እየጠበቃቸው ሲሞክሩት ነው። ከዚህም በላይ ጥያቄዎቹ ስለ ውኃ ላይ ቅድሚያና ስለ ምልክቶች ስለሆኑ ቀስ ብለው ያነበቧቸው እንደሆነ ኋላ ይጠቅሙዎታል።

4. ጠዋት ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ያባብሳል፤ ጥብስ የሞላው ሆድም እንዲሁ። ጾመኛ ከሆኑና እስከ ቀትር የማይበሉ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ቀን ያድርጉት። ባሕር የሚያጥወለውልዎ ሰው ከሆኑ መድኃኒቱን ከመሳፈርዎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይውሰዱ፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ዓይነት ከሆነ ግን አይንዱ፣ ከኋላ ይሳፈሩ።

5. ሳይፈርሙ ያንብቡ፤ ሳይሳፈሩ ፎቶ ያንሱ። የሚሰጥዎት ቅጽ አደጋውን በራስዎ ኃላፊነት እንደሚወስዱ የሚገልጽ ነው። ማሽኑ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል የሚለውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡት። ከዚያ የሚሰጥዎትን ማሽን ፊቱን፣ ሁለቱን ጎንና ሆዱ የሚታይ ከሆነ እሱንም በስልክዎ ያንሱ። አንድ ጊዜ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የጫረውን ጭረት እኔ እንድከፍል ተጠይቄ ያዳነኝ ያነሳሁት ፎቶ ነው።

6. ጃኬቱን ይፈትሹ፤ ገመዱን ይሰሩ። በፍሎሪዳ ጄት ስኪ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ የተሳፈረውም ጭምር፣ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው፤ በአየር የሚነፋው ዓይነት አይፈቀድም። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ከቆለፉ በኋላ እጅዎን ወደ ላይ ይዘርጉና ሌላ ሰው ጃኬቱን በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይጎትትልዎት። አገጭዎን አልፎ ወደ ጆሮዎ ከወጣ ሰፊ ነው፤ ያስቀይሩ። ሰፊ ጃኬት ውኃ ውስጥ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ እርስዎ ከሥሩ ይቀራሉ።

ከማሽኑ ማጥፊያ ጋር የሚያያዘው ጠመዝማዛ ገመድ ከነጂው የእጅ አንጓ ወይም ከጃኬቱ ጋር ይታሰራል። ሲወድቁ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ማሽኑ ጥሎዎት አይሄድም፣ ዞሮም አይመታዎትም። ይህም በሕግ የታዘዘ ነው። መሪው ላይ ጠቅልሎ መተው ገመድ እንደሌለ ይቆጠራል።

7. የአስጎብኚውን ገለጻ ይስሙ፤ ምልክቶቹን ይድገሙ። ባሕር ላይ ድምፅ አይሰማም፤ የሚያገናኛችሁ እጅ ብቻ ነው። ወደ ላይ የተዘረጋ አንድ እጅ ብዙ ጊዜ «ቁሙ» ማለት ነው። «ቀስ በሉ»፣ «ተሰብሰቡ»፣ «ሰው ወድቋል» የሚሉት ከአስጎብኚ አስጎብኚ ይለያያሉና እያንዳንዱን ራስዎ ሠርተው ያሳዩት። እንግሊዝኛው ያልገባቸው አባት ወይም እናት አብረው ካሉ በአማርኛ ተርጉሙላቸው፤ «ገብቶኛል» ብለው ራስ ቢነቀንቁ አይመኑ፣ በእጃቸው ያሳዩዎት። ዋና እንደማይችሉ ለአስጎብኚው የሚነግሩትም አሁን ነው። ከአጠገቡ ያሰልፍዎታል።

8. ቀስ ብለው ይውጡ። መጀመሪያ ነጂው፣ ቀጥሎ የሚሳፈረው ይቀመጣል። ከወደቡ እስክትወጡ ድረስ ነዳጅ ሳይሰጡ ማሽኑ በራሱ በሚጎተትበት ፍጥነት ብቻ ይሂዱ። የኪ ዌስት ዙሪያ የፍሎሪዳ ኪስ ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ አካል ነው፤ ከመኖሪያ ቤቶች ዳርቻና ከቆሙ ጀልባዎች በ100 ያርድ ውስጥ በፍጥነት መሄድ የተከለከለ ነው። እርስዎ የሚያስነሱት ማዕበል የታሰረን ጀልባ ከማሰሪያው ጋር ያላትመዋል፤ በውስጡ ቡና የሚጠጣ ሰው ሊኖር ይችላል።

9. ሰፊ ውኃ ላይ ሲደርሱ ጣትዎን ያሠልጥኑ። አስጎብኚው ለመለማመጃ ጊዜ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ይጠይቁት። ሦስት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ፣ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ፣ ዙሪያዎ ባዶ መሆኑን አይተው ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁና ማሽኑ እስኪቆም የሚሄደውን ርቀት ይመልከቱ። ካሰቡት በጣም ይረዝማል። ሁለተኛ፣ ነዳጁን ለቀው መሪውን ያዙሩ፤ አለመታዘዙን በዓይንዎ ይዩ። ሦስተኛ፣ ያንኑ መሪ ዞሮ እንዳለ ነዳጅ ይስጡና ሲታዘዝ ይሰማዎ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ በኋላ «ልጋጭ ነው» ባሉ ጊዜ ጣትዎ የሚያደርገውን ያውቃል፦ አየት፣ ነዳጅ፣ መሪ።

10. በአንድ መስመር ይሂዱ፤ ርቀት ይጠብቁ። ከፊትዎ ካለው ማሽን 300 ጫማ፣ ማለትም 90 ሜትር ያህል ይራቁ። በሰዓት 40 ማይል ማለት በሰከንድ 18 ሜትር ገደማ ስለሆነ ያ ሁሉ ርቀት የአምስት ሰከንድ መንገድ ብቻ ነው። ከፊተኛው ትክክል ጀርባ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ሆነው ይከተሉ፤ ቢወድቅ የሚያርፈው በእርስዎ መንገድ ላይ ነውና። ከመታጠፍዎ በፊት በትከሻዎ ዞረው ይመልከቱ፤ ጄት ስኪ ላይ ያለ መስታወት ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ አያሳይም።

ማዕበል ሲመጣ ፊት ለፊትም በጎንም ሳይሆን በሰያፍ ይግቡበት፤ ከመቀመጫው ትንሽ ተነሥተው ጉልበትዎን ያላሉ፣ ምቱን እግርዎ ይቀበለው። ከኋላ ያለው ሰው የነጂውን ወገብ ወይም የጃኬቱን ማሰሪያ ይያዝ፣ ነጂው ወደሚያጋድልበት ያጋድል። ለመቃወም ወደ ሌላው ጎን ማጋደል ሁለታችሁንም ውኃ ውስጥ ይከታችኋል።

11. የውኃውን ቀለም ያንብቡ። ከከተማው ምዕራብ ጫፍ ስትወጡ ማሎሪ አደባባይን፣ የመርከቦቹን መቆሚያና ሰንሴት ኪ የተባለችውን ትንሽ ደሴት ታያላችሁ። ከዚያ ፎርት ዛካሪ ቴይለር የተባለውን ምሽግ ዞራችሁ ወደ አትላንቲክ ትገባላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ውኃው የሚለወጠው እዚህ ጋ ነው፣ መያዣዎን ያጥብቁ። በደቡብ ዳርቻ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የተቀባው ግዙፍ ሐውልት አለ፤ ኩባ 90 ማይል ብቻ እንደምትርቅ ተጽፎበታል፣ ፎቶ የሚነሡት ሰልፈኞች ከውኃው ይታያሉ። ቀጥሎ ስማዘርስ የባሕር ዳርቻ ይመጣል፤ ወደ ስቶክ አይላንድና ቦካ ቺካ ስትጠጉ የባሕር ኃይሉ የአየር ጣቢያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ራስዎ ላይ ቢያገሱ አይደንግጡ፣ ጣትዎን ብቻ ይጠብቁ። ነፋሱ ሲያስገድድ አስጎብኚው ዙሩን በተቃራኒው ሊያደርገው ይችላል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ጥልቀቱን የሚነግርዎት ቀለሙ ነው። ሰማያዊ ጥልቅ ነው። አረንጓዴ ለጄት ስኪ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ነጭ ሲሆን አሸዋው ቅርብ ነው። ቡናማ ካዩ የባሕር ሣር ወይም ኮራል ከውኃው ወለል ሥር ተኝቷል፤ ወደዚያ አይሂዱ። ማሽኑ አሸዋና ሣር ከሳበ የውስጡ ተሽከርካሪ ይበላሻል፤ ሣሩን ማረስ ደግሞ በጥብቅ ሥፍራው ሕግ ያስቀጣል፣ ጠባሳውም ለዓመታት አይሽርም።

12. ከወደቁ እንዲህ ይውጡ። መውደቅ አያሳፍርም። መጀመሪያ በጀርባዎ ተንሳፍፈው ሦስት ጊዜ ይተንፍሱ፤ ጃኬቱ ይዞዎታል። ከዚያ አንድ እጅ ወደ ላይ ያንሡ፤ ከኋላ የሚመጡት እንዲያዩዎት ነው። ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጠው ከኋላ በኩል ብቻ ይጠጉ። በጎን ለመውጣት ከሞከሩ ማሽኑን በራስዎ ላይ ይገለብጡታል። መወጣጫው ካለ አንድ ጉልበት ያኑሩበት፤ ሁለቱን እጅ መቀመጫው ላይ አድርገው ራስዎን ይግፉ፣ መሐል ለመሐል እየተሳቡ ይቀመጡ። ነጂው ቀድሞ ይውጣ፣ ተሳፋሪው ይከተል።

ማሽኑ ተገልብጦ ከሆነ ከኋላው ወደየት እንደሚቃና ቀስት ያለበት ተለጣፊ ምልክት አለ። በዚያ አቅጣጫ ብቻ ያቃኑት፤ በተቃራኒው ከተገለበጠ ውኃ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። አቅም ካጡ አይታገሉ፤ አስጎብኚው እየመጣ ነው።

13. አሸዋ ደለሉ ላይ ዕረፉ። አብዛኛው ጉዞ ወገብ በሚደርስ ጥርት ያለ ውኃ ላይ ለዋና ይቆማል። ማሽኑን አስጎብኚው ካለበት ቦታ በላይ ወደ ዳር አያስጠጉ። ውኃ ይጠጡ። ነጂና ተሳፋሪ መለዋወጥ ከፈለጉ ጊዜው አሁን ነው፤ አዲሱ ነጂ ግን ከላይ የተነገረውን ሕግ ማሟላት አለበት፣ ገመዱንም አውልቆ ማሰር አይርሳ።

14. መመለሻው ላይ ይጠንቀቁ። እጅ ደክሟል፣ ሐሳብ ወደ ምሳ ሄዷል፣ ማሽኑንም የለመዱት መስሎዎታል። ወደቡ ሳይደርሱ ቀደም ብለው ፍጥነት ይቀንሱ። ማሽኑን መድረኩ አጠገብ ለማቆም ብለው እግርዎን ወይም እጅዎን በማሽኑና በመድረኩ እንጨት መሐል አያስገቡ፤ ይቀጠቅጠዋል። ከወረዱ በኋላ የማሽኑን ፎቶ ድጋሚ አንሥተው ማስያዣዎ መለቀቁን ጠይቀው ይሂዱ።

ማስጠንቀቂያ

- ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነጂው በድንገት ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይችላል። አፈሙዙ የሚተፋው ውኃ በእግር መሐል ከገባ በውስጥ አካል ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስስ የዋና ልብስ አይከላከለውም፤ ወፍራም ሱሪ ያልኩት ለዚህ ነው። ነጂውም «ያዝ» ሳይል ነዳጅ አይስጥ። በእኛ ሰው ዘንድ ይህን ማንሣት ስለሚያሳፍር ነገሩ ሳይነገር ይቀራል።
- የልጅ እግር የማሽኑን ወለል ካልረገጠ ልጁ አይሳፈር። ሲነጥር የሚመክተው እግሩ ነው።
- ሞተሩ እየጮኸ ማሽኑ ካልሄደ የባሕር ሣር ገብቶበታል። እጅዎን ከሥሩ አያስገቡ። አጥፍተው አስጎብኚውን ይጠብቁ።
- ቀይ ላዩ ላይ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት ባንዲራ ካዩ ከሥሩ ጠላቂ አለ። በሰፊ ውኃ ላይ ቢያንስ 300 ጫማ ይራቁ።
- ቢራው ከጉዞው በኋላ ይሁን። የመጠጥ ገደቡ እንደ መኪናው 0.08 ነው፤ ፀሐይና ማዕበል ግን አንዱን ጠርሙስ ሁለት ያደርጉታል።
- ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ጄት ስኪ መንዳት ክልክል ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እያየን እንመለስ የሚል ሐሳብ ካለዎት በጀልባ ያድርጉት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

*የጓደኛን ማዕበል መዝለል።* ሌላ ማሽን ጥሎት በሄደው ማዕበል ላይ ተጠግቶ መዝለል በፍሎሪዳ በግዴለሽነት መንዳት ሊባል ይችላል፤ ያም ወንጀል ነው። ሲዘሉ አየር ላይ ሆነው መሪ የለዎትም፤ የሚያርፉበትንም አያዩትም።

*ውኃ መርጨት።* አጠገብ ደርሶ በድንገት ታጥፎ ጓደኛን ማርጠብ ቪዲዮ ላይ ያምራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሞክሩት ግን ይጋጫሉ።

*መሪውን መጨምደድ።* ክንድዎ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይዝላል። በጉልበትዎ መቀመጫውን ጨብጠው ይያዙ፣ እጅዎ ቀለል ይበል። ዐይንዎን ከፊትዎ ካለው ውኃ አንሥተው ራቅ ወዳለው ያድርሱት።

*ለወደቀ ሰው መሮጥ።* ወገን ሲወድቅ ልብ ይቸኩላል፤ ሦስት ማሽን ተከታትሎ ወደ ወደቀው ሰው ሲበር አይቻለሁ። የወደቀውን የሚያሰጋው ውኃው ሳይሆን ሊረዱት የሚመጡት ናቸው። ባሉበት ቁመው እጅ ያንሡ፣ ሌላውን ያስቁሙ፤ የሚጠጋው አስጎብኚው ብቻ ይሁን።

*እየነዱ መቅረጽ።* በግራ እጅ ስልክ ይዞ በቀኝ መንዳት። ስልኩን ለተሳፋሪው ይስጡት። ተሳፋሪ ከሌለዎት አሸዋ ደለሉ ላይ ሲቆሙ ያንሡ፤ ውኃው እዚያ ይበልጥ ጥርት ያለ ነው፣ እግርዎ እንኳ ይታያል።